ያልተንቀሳቀሰው ቁጥር

ባንክ ቤት የስጋት ሥራ አመራር ክፍል ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ዋናው ጥያቄ «ነገ ቢከፋ ምን ያህል እንከስራለን?» የሚል ነው። ቫሊዩ አት ሪስክ የተባለው ስሌት ያለፉትን የዋጋ ለውጦች ይሰበስብና «ከ100 ቀን በ99ኙ ኪሳራው ከዚህ አያልፍም» ብሎ ይመልሳል። መልሱ አንድ ቁጥር ስለሆነ አለቃም ቦርድም ይወዱታል። እኔ ግን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥርጣሬዬ ይበዛል።

የብርን ነገር እንይ። የባንኮች የዶላር ዋጋ ለዓመታት በሳንቲም ነበር የሚንፏቀቀው። ይህን መረጃ ለሞዴል ያቀረበ ሰው የሚያገኘው መዋዠቅ ከቁጥር አይገባም። ሆኖም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ አዳከመው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ። በትይዩ ገበያ ዶላሩን ከ100 ብር በላይ ሲገዛ የከረመ ነጋዴ ቀኑን አላወቀ ይሆናል፤ ነገሩ ግን አልገረመውም።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ስሌት አልተዛነፈም። የተሰጠው መረጃ ግን የገበያ ዋጋ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነበር፤ የነገ ውሳኔ ደግሞ ከትናንት ዋጋ አይነበብም። ተገድቦ የቆመ ውሃ ስላልፈሰሰ ጉልበት የለውም አይባልም።

ዋጋ በነጻነት በሚንቀሳቀስበት አገርም ችግሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ ፈንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት ያገኙትን ማይረን ሾልስንና ሮበርት መርተንን በሸሪክነት ይዞ ነበር። በየገበያው የበተኑት ይዞታ ባንድ ላይ እንደማይወድቅ ታሪካዊው መረጃ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ግን፣ ተመሳሳይ ይዞታ ያላቸው ሌሎችም ለመሸጥ ተሯሯጡና የማይገናኙ የሚመስሉት ሁሉ አብረው ከሰሩ። 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ፈንዱን ታደጉት። ሞዴሉ ለመሸጥ የተሻሙትን ሰዎች አያውቅም፤ የይዞታውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያየው።

ታዲያ ሞዴል ይቅር ማለቴ አይደለም። የዘወትሩን ቀን ከእኛ ግምት በተሻለ ይለካል። እኔ ግን መጀመሪያ መረጃው ከየት እንደመጣና ዋጋውን ማን አረጋግቶ እንደያዘው እጠይቃለሁ። ቀጥሎ «ዶላር በአንድ ቀን 30 በመቶ ቢጨምር ያልተከፈሉት ኤልሲዎቻችን (ለአስመጪዎች የገባናቸው የውጭ ክፍያ ግዴታዎች) ምን ያስከትላሉ?» እላለሁ። የመሆን ዕድሉን ለማስላት አልደክምም፤ ኪሳራውን ግን አሰላለሁ። ባንኩ ያንን ኪሳራ የማይችለው ከሆነ፣ ዕድሉ ትንሽ ነው መባሉ አያጽናናም።

ይህን ሥራ አሁን ለምትጀምሩ አንድ ምክር አለኝ፦ ለቦርድ ከምታቀርቡት ቁጥር ሥር የመረጃውን ምንጭና የሚሸፍነውን ዘመን ጻፉ። እነዚህ የሌሉበትን ቁጥር አታቅርቡ፤ ሌላው ሲያቀርብላችሁም አትቀበሉ።