ሁለት ዘጠኞች

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ኤክስ ዶት ኦርግ በተባለው የሶፍትዌር ፕሮጀክት ውስጥ አንድ የደህንነት ቀዳዳ ተደፈነ። ቀዳዳው ከ1991 ጀምሮ እዚያው ነበር። የተደፈነው ደግሞ በሁለት አሃዝ ነው። አለን ኩፐርስሚዝ የተባለው መሐንዲስ አንድ የኮድ መስመር ላይ 99 ብሎ ጨመረበት፤ በቃ።

ፕሮጀክቱ የሚሠራው ኤክስ በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ዘሮች ላይ መስኮቱን፣ ፊደሉን፣ የማውዙን ቀስት ስክሪን ላይ የሚስለው ሶፍትዌር ነው። ዛሬም የሚሠራበት አሥራ አንደኛው እትሙ የወጣው በ1987 ነው። ፎንት ከሚያነቡት ክፍሎቹ አንዱ ቢዲኤፍ የሚባለውን የቆየ ዓይነት ያነባል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የእያንዳንዱ ፊደል መግለጫ ሲጀምር የፊደሉ ስም ይጻፋል። አንባቢው ኮድ ለስሙ 100 ባይት ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ትእዛዙ ግን «ባዶ ቦታ እስክታገኝ አንብብ» ይላል እንጂ «ይህን ያህል ሲሞላ አቁም» አይልም። ስሙ 500 ፊደል ቢሆን ትርፉ ጎን ባለው ሜሞሪ ላይ ይፈሳል፤ እዚያ ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የሚነግረው አድራሻ ተቀምጧል። በዚያን ጊዜ ስክሪኑን የሚስለው ዋናው ፕሮግራም፣ የኤክስ ሰርቨር፣ በአብዛኛው የሚሠራው በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ነበር። ተራ ተጠቃሚም «ፎንት ከኔ ፎልደር አንብብ» ሊለው ይችላል። ተንኮል ላሰበ ሰው እንግዲህ ስሙ ሆን ተብሎ የረዘመ አንድ ፎንት ሊበቃው ይችል ነበር።

ኩፐርስሚዝ የጨመረው 99 «ከ99 ፊደል በላይ አታንብብ» የሚል ገደብ ነው። ለምን 100 አልተባለም? በሲ ቋንቋ ጽሑፍ ሲያበቃ አንድ ዜሮ ባይት ይታከልበታል፤ የንባብ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈው ገደብ ያቺን ዜሮ አይቆጥርም። 100 ቢባል ዜሮዋ 101ኛ ሆና ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ትወድቃለች፤ ሰብሮ ለሚገባ ሰው አንድ ባይትም አንዳንዴ ይበቃዋል። ቦታውን ከ100 ወደ 1000 ማስፋትም ይቻል ነበር፤ ይህ ግን ቀዳዳውን ወዲያ መግፋት ነው። አንባቢውን እንደ አዲስ ልጻፈው የሚል ሥራ ወዳድም አይጠፋም፤ ከአዲስ ኮድ ጋር አዲስ ስሕተት ይመጣል። ኩፐርስሚዝ ሦስቱንም አልነካም። ከለውጡ ጋር በተወው ማስታወሻ ላይ ደግሞ ሲፒፒቼክ የተባለው የኮድ መመርመሪያ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ራሱን ገልብጦ አስፍሯል። መሣሪያው ያገኘውን የመሣሪያው ነው ማለት፣ ለኔ፣ የሥራው ጥራት አካል ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው ጥገና እንዲህ አጭር አልነበረም። ኢልያ ቫን ስፕሩንደል የተባለ የደህንነት ተመራማሪ የሰርቨሩን ኮድ ሲበረብር ያገኛቸው ብዙ ክፍተቶች በአንድ ጊዜ ተደፈኑ፤ ጥቂቶቹ ከ1987ቱ እትም ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ከመካከላቸው ዐይኔን የሚይዘው ምስል የሚቀበለው ክፍል ነው። ምስሉን የሚልከው ፕሮግራም «ይህን ያህል ስፋትና ይህን ያህል ከፍታ ያለው ምስል ልኬልሃለሁ» ይላል፤ ሰርቨሩ የአንዱን መስመር ርዝመት በከፍታው አባዝቶ የተላከው ዳታ ልክ መሆኑን ያጣራል። በ32 ቢት ማሽን ላይ ግን ብዜቱ ከ2,147,483,647 ካለፈ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይዞርና ከእውነተኛው ጋር የማይገናኝ ቁጥር ይሆናል፤ ፍተሻውም ይታለላል።

ብዜቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ከተባዛ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ማስረጃው ጠፍቷል። ይህንንም የጠገነው ኩፐርስሚዝ ነው፤ ከማባዛቱ በፊት አካፈለ። ያንን ትልቁን ቁጥር ለከፍታው ያካፍላል፤ የመስመሩ ርዝመት ከድርሻው ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ «ርዝመትህ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ማካፈል ሞልቶ አይፈስም።

ከፍታው ዜሮ ከሆነስ? ቁመት የሌለው ምስል ማን ይልካል ይባል ይሆናል፤ ሊላክ ግን ይችላል፣ የቀድሞው ሰርቨርም ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። አዲሱ ለዜሮ ላካፍል ሲል ይወድቃል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይዘጋል። ጥገናው ራሱ ቀዳዳ ወለደ ማለት ነው፤ ኋላም እንደ ማንኛውም ክፍተት የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጠው።

ብዙ ሳይቆይ ከኤክስ አንጋፋ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኪት ፓካርድ አረመው፤ ከክፍፍሉ ፊት አንዲት ጥያቄ አስቀደመ፦ ከፍታው ከዜሮ የተለየ ነው ወይ? ዜሮ ከሆነ የክፍፍሉ ፍተሻ ይዘለልና ጥያቄው እንደ ቀድሞው ያልፋል። መከልከልም ይችል ነበር። ግን የሚሳል ነገር የሌለው ምስል ማንንም አይጎዳም፤ ለዓመታት ሲልከው የኖረ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ሲ ሁለት ጥያቄዎች በ«እና» ሲያያዙለት ከግራ ጀምሮ ያያል፤ የመጀመሪያው ሐሰት ከሆነ ሁለተኛውን ጨርሶ አይነካውም። እነዚያው ሁለት ጥያቄዎች ቦታ ቢቀያየሩ ኖሮ ማሽኑ ዜሮ መሆኑን ከመጠየቁ በፊት አካፍሎ ይወድቅ ነበር።