የአረጋዊ ድባቴ እንዴት ይጠየቃል?

ቡሹሎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናት። እዚህ አረጋውያን የሚጦሩት በአብዛኛው በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ቤት ነው፤ እንደ አዲስ አበባው መቄዶንያ ያለ ማዕከል ለብዙዎቹ ሩቅ ነው። ስለዚህ እንደ ነርስ ድባቴን የምለየው ቤት ለቤት ስዞር፣ አለዚያም ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ሲመጡ ነው። በማዕከልም ሆነ በልጅ ቤት ሥራው ያው ነው፤ አረጋዊው ያልተናገረውን በአክብሮት መጠየቅ።

"ድባቴ ይዞኛል" ብሎ የሚመጣ አረጋዊ የለም ማለት ይቻላል። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል አስጠላኝ ነው የሚሉት። ቤተሰብም "እርጅና ነው" ብሎ ያልፈዋል። ድባቴ ግን የሚታከም ሕመም እንጂ የእርጅና ዕጣ አይደለም።

ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል እንቅልፍ፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት አሉበት። ስኳርና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት የሰማንያ ዓመት ሰው ግን ድባቴ ባይኖርበትም በእነዚህ ነጥብ ያስቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአረጋውያን የተዘጋጀው ሌላ መጠይቅ የአካል ምልክቶችን ወደ ጎን የተወው ለዚህ ነው። አጭሩ ቅጂ 15 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሱም "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ ስለሆነ ጆሮው ለደከመና ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይቀላል።

ድምሩንም እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጥናት ለፒኤችኪው-9 የመለያ ነጥቡን 10 አደረገው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ የተሠራው ሌላ የአገራችን ጥናት ደግሞ 5ን መረጠ። ጥያቄው አንድ ሆኖ ሰዉና ቦታው ሲለያይ ነጥቡም ይለያያል። ስለዚህ ድምሩ ዝቅ ቢልም ውሏቸውን አጣራለሁ። በሲዳማ ሽማግሌ ሶንጎ ተቀምጦ ይመክራል፣ ያስታርቃል። እግራቸው ደህና ሆኖ ሶንጎ የቀሩ አባት፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው እምቢ ያሉ እናት ያሳስቡኛል።

ከሁሉ የሚከብደው አጠገባቸው ማን እንዳለ ማስተዋል ነው። ሲዳሙ አፎ ብቻ የሚናገሩ እናት ሲያጋጥሙኝ አስተርጓሚ ሆና የምትቀርበው የልጅ ልጃቸው ናት። የምታበላቸውም የምታጥባቸውም እሷ ናት። "ሸክም ሆንኩ ብለው ያስባሉ?" የሚለው ጥያቄ በእሷ አፍ ከመጣ መልሱ "ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይሆናል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጅቷን ቡና እንድታፈላልን እንለምናታለን፤ እኔም ዱካ ስቤ በሚሰማቸው ጆሮ በኩል ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እግራቸውና ስለ እንቅልፋቸው ነው። ስለ ልባቸው የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

"ምነው ፈጣሪ ረሳኝ" የሚል አረጋዊ ብዙ ነው። የዘወትር ንግግር ሊሆን ይችላል፤ የጭንቅ ድምፅም ሊሆን ይችላል። ሰምቼ አላልፈውም። "እማማ፣ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?" ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይከትም፤ ብዙዎችን እንዲያውም እፎይ ያሰኛል። መልሱ "አዎ" ከሆነ ብቻቸውን አይተዉም፤ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይሄዳሉ።

ድምሩ ከፍ ሲል ምርመራው ገና ተጀመረ ማለት ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የመርሳት ችግር፣ የቅርብ ሐዘን ይታያሉ። መድኃኒትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አሚትሪፕቲሊን አረጋዊን ሊያደናግርና ራሱን አዙሮ ሊጥለው ይችላል።

መጠይቅ ሞልቶ ፋይል ውስጥ ከትቶ መሄድ ካለመጠየቅ ይከፋል፤ አረጋዊው ልቡን ከፍቶ ምላሽ አጥቷልና። የሚልክበትን ቦታና የሚመለስበትን ቀን ያላዘጋጀ ባለሙያ ጥያቄውን አይጀምር። አረጋዊ የምትጦሩ ቤተሰቦችም ሁለት ሳምንት ዝም ካሉባችሁ፣ የሚወዱትን ከተዉባችሁ፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ኑ።