«ሴቭ» ስንል ቦታውን የሚመርጠው ማን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። «ሴቭ አድርጌው ነበር፤ አሁን ግን የለም።» መልሱም ያው የተለመደው ነው፤ «ድሮም የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር አታውቁም፣ ስልክ ብቻ።» ፍርዱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘ ቨርጅ የተባለው የቴክኖሎጂ ሚዲያ ባወጣው ዘገባ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «ፋይሉን የት አስቀመጣችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄው ራሱ እንደማይገባቸው ተናግረው ነበር። ብዙ አንባቢ ነገሩን የትውልድ ልዩነት አድርጎ ወሰደው። እኔ ግን አልስማማም። ተማሪው የት እንዳስቀመጠው የማያውቀው ብዙ ጊዜ ቦታውን የመረጠው እሱ ስላልሆነ ነው።

መጀመሪያ ግን «ቦታ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት ውስጥ ማስተር ፋይል ቴብል የሚባል አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ በየትኛው ፎልደር ሥር እንዳለና ይዘቱ በዲስኩ የትኞቹ ክፍሎች ላይ እንደተጻፈ እዚያ ይሰፍራል። 2 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ በዚያው ድራይቭ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላው ስናዛውር በቅጽበት የሚያልቀው ለዚህ ነው። ቪዲዮው ንቅንቅ አላለም፤ የተቀየረው መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነስተው አንዳንድ የሶፍትዌር ነዳፊዎች «ቦታው የስም ብቻ ከሆነ ተጠቃሚውን ለምን እናስጨንቀው?» አሉ። አይፎን በ2007 ሲወጣ ፋይል የሚታይበት መተግበሪያ አልነበረውም፤ «ፋይልስ» የመጣው ከ10 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በስልክ ይሁን እሺ። ሰው የሁለት ዓመት ምርምሩን በሚጽፍበት ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማይክሮሶፍት ኦፊስን እንመልከት። ከ2013ቱ ኦፊስ ወዲህ በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ሰው ሴቭ ሲል ፊት ለፊት የሚቀርብለት ዋንድራይቭ ነው። ቆይቶ ደግሞ ዋንድራይቭ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን «ባክአፕ» ላድርግልህ የሚል ምርጫ አመጣ። ትችቴ የሚጠነክረው እዚህ ቃል ላይ ነው። ባክአፕ ማለት ለሁላችንም ዋናው ባለበት ሆኖ ሌላ ቅጂ መያዝ ነው። ይህ ምርጫ ሲበራ ግን ዋናው ራሱ ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ይዛወራል። በዚህ የተነሳ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት «ዶክመንትስ» ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ የቀድሞው፣ ሌላው ዋንድራይቭ ውስጥ ያለው። ምርጫውን ሲያጠፉትም ፋይሎቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው አይመለሱም፤ በባዶው ፎልደር ውስጥ «ፋይሎቼ የት አሉ» የሚል ትርጉም ያለው አቋራጭ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነዳፊዎቹ ሰው እንደሚደናገር አውቀዋል ማለት ነው! የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሎቹን ሁሉ ሌላ ክፍል ወስዶ በባዶው መደርደሪያ ላይ «ፈልጋችሁ ድረሱ» የሚል ወረቀት ቢለጥፍ ዝም የሚል ኃላፊ የለም።

ሌላም አለ። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ ይዘቱ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የዳታ ጥቅሉ ሲያልቅ የራስን ጽሑፍ ስም እያዩ መቀመጥ ነው። ነፃው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከሞላ አዲስ ሥራ ወደ ደመናው አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያው በዊንዶውስ ወርድ የሙከራ ዕትም ላይ አዲስ ሰነድ ሲፈጠር ያለ ጥያቄ ደመና ላይ እንዲቀመጥ አድርጓል።

ለእውነት ለመናገር ደመናው የብዙ ሰው ሥራ አድኗል። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ፍላሽ በቫይረስ ይበላሻል። ክርክሬ በደመናው ላይ አይደለም። ማሽኑ ቦታ ሲቀይር ባለቤቱን በግልጽ ቋንቋ ይንገረው፣ ያስመርጠው ነው የምለው።

«ችግር የለም፣ ሰርች አድርገው» የሚል መልስ አለ። ይህ መልስ ሲፈተሽ ደካማ ነው። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲው ኦፈር በርግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የፍለጋ ሶፍትዌር ቢሻሻልም ሰዎች የራሳቸውን ፋይል የሚያገኙት በአብዛኛው ፎልደር ለፎልደር ሄደው እንደሆነ፣ ፍለጋን የሚጠቀሙት ቦታው ሲጠፋባቸው እንደሆነ አሳይተዋል። በ2015 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ ላይ የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ በፎልደሮች መካከል ስንሄድ የሚሠራው የአንጎል ክፍል በመንገድና በቤት ውስጥ አቅጣጫ ስንፈልግ የሚሠራው እንደሆነ አገኘ። በቃል ስንፈልግ ግን የቋንቋ ክፍሎች ናቸው የሚነሱት። መንገድ የማስታወስ ችሎታችንን ትተን ስም እንድናስታውስ ነው የምንጠየቀው።

ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ፋይሉን «ዓመታዊ ሪፖርት» ብዬ ሰይሜ «አመታዊ» ብዬ ብፈልገው ዊንዶውስ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ዓ እና አ፣ ጸ እና ፀ፣ ሠ እና ሰ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ትክክል ነው፤ ለምሳሌ ሐ እና ሀ በትግርኛ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አማርኛ ግን በአፍ ስለማይለያቸው ሁላችንም እንደመጣልን ነው የምንጽፈው። «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ብቻ ቢያንስ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። የአማርኛ ጽሑፍን በኮምፒውተር የሚመረምሩ ሰዎች ገና ሥራ ሲጀምሩ እነዚህን ፊደሎች ወደ አንድ ያመጣሉ፤ ከባድ ነገር አይደለም፣ አጭር ሠንጠረዥ ነው። የኮምፒውተራችን ፍለጋ ግን አያደርገውም። «ሰርች አድርግ» የሚለው ምክር የአማርኛ ተጠቃሚን ቆጥሮ የተሰጠ አይደለም።

እስኪስተካከል ድረስ ምን ይሻላል? ወርድ ላይ ኤፍ 12ን ስትጫኑ የድሮው የ«ሴቭ አዝ» መስኮት ይከፈትና ፎልደሩን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ለዘለቄታው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብታችሁ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ ከሥሩ ያለው መስመር ላይ ፎልደሩን ጻፉ። የጠፋ ሰነድ ካለ ከዊንዶውስ ፍለጋ በፊት ወርድን ክፈቱና «ሪሰንት» ዝርዝሩን እዩ፤ ከስሙ ሥር መንገዱ ተጽፏል። ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ከሆነ «ኢንፎ» በሚለው ገጽ ላይ ያልተቀመጡ ሰነዶችን መመለሻ አለ። በስም መፈለግ ግድ ከሆነ «ኤቭሪቲንግ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከላይ ያልኩትን መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ የዲስኩን ፋይሎች ሁሉ በሰከንዶች ይዘረዝራል። በተቀየሩበት ቀን መደርደር ስለሚቻልም የዓ እና የአ ጣጣ አይነካችሁም።

ከኢሜይል ወይም ከዚፕ ውስጥ በቀጥታ የተከፈተ ፋይል ላይ ግን አትሥሩ። በጊዜያዊና በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሚከፈት ሴቭ ያደረጋችሁት እርማት አብሮ ሊጠረግ ይችላል።

የእኛ አገር ተማሪና አማካሪ ደግሞ ምዕራፍ የሚለዋወጠው በቴሌግራም ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የተቀበለውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ባለ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ይከምራል፤ አማካሪው ያረመው ምዕራፍ ከመዝሙሩና ከፊልሙ ጋር እዚያ ይተኛል። ሴቲንግስ ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ስትከፍቱ ለእያንዳንዱ ፋይል የት ላስቀምጥ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ምርጫው አለ፤ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።