የተሰወረው የሕፃናት ጥርስ መበስበስና የአንድ መመሪያ ወሰን

የዓለም ጤና ድርጅት አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአምስተኛ ጊዜ ያሳተመው የአፍ ጤና ዳሰሳ መመሪያ ትልቁ ብርታቱ ወጥነቱ ነው። በተለያየ አገርና ዘመን የተሰበሰበ ውጤት እንዲነጻጸር አስችሏል። ለዚህ ሲባል ጥርስ በስብሷል የሚባለው ግልጽ ጉድጓድ፣ ውስጡ የተሸረሸረ ኢናሜል ወይም የለሰለሰ ግድግዳ ሲገኝበት ነው። ራጅ አይታዘዝም፤ መርማሪው ከተጠራጠረም ጥርሱን "ጤነኛ" ብሎ ይመዘግባል። ከጉድጓድ በፊት ያሉት ደረጃዎች በመስክ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይለዩ መመሪያው ራሱ ይገልጻል።

ለዳሰሳ ጥናት ይህ ተገቢ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ለሕዝብ የተበጀው መለኪያ ለአንድ ሕፃን ምርመራ ሲውል ነው። በስድስት ዓመት ገደማ በሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ላይ መበስበሱ በጠባብ ስንጥቅ ገብቶ በዴንቲን ውስጥ ሲስፋፋ፣ ላዩ ያልተነካ ይመስላል። በተጠጋጉ የወተት መንጋጋዎች መካከል የሚጀምረውም እንዲሁ ከዓይን ይሰወራል። የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ በሚበዛባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ደግሞ የጥርስ መበለዝ ምልክቱን ለመለየት ያዳግታል።

በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የዳበረው ኢክዳስ የተሰኘው የምዘና ሥርዓት በኢናሜል ሥር ለሚታይ የዴንቲን ጥላ አራተኛውን ደረጃ መድቦለታል። ይህን ለማየት ጥርሱን አጽድቶ ማድረቅና በቂ ብርሃን ያስፈልጋል። የሾለ መሣሪያ በስንጥቁ ላይ መጫን ግን የደከመውን ኢናሜል ሊሰብር ይችላል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ባይትዊንግ የተባለው ራጅ ጥርጣሬውን ያጠራል።

በኢናሜል የተወሰነው መበስበስ በፍሎራይድ ቅብ ወይም ስንጥቁን በመሸፈን ሊገታ ይችላል። በዴንቲን ውስጥ የሰፋው ግን ተከፍቶ ዳር ዳሩ ይጸዳል፤ ነርቩ እንዳይጋለጥም በአጠገቡ ጥቂት የለሰለሰ ዴንቲን ትቶ በሙሌት አጥብቆ መዝጋት ይቻላል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የድድ እብጠት ካለ ሕፃኑ ሳይዘገይ ወደ ጥርስ ሐኪም ይላካል፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻውን ምንጩን አያስወግድም።

የመመሪያው ጉድለት እንግዲህ ከአለካኩ ይልቅ በስያሜው ላይ ነው። "ጤነኛ" የሚለው ቃል መርማሪውን ያሳርፈዋል፤ ወላጅንም ያሰናብታል። ወደፊት በሚሻሻልበት ጊዜ "ጉድጓድ ያልታየበት" ቢባል ንጽጽሩ ሳይዛባ እውነቱ ይገለጣል። እስከዚያው በዳሰሳ ቅጽ ላይ ለጤነኛነት የሚቆጠረው ጥርጣሬ፣ በሕክምና ክፍል ዳግመኛ የመመርመሪያ ምክንያት ሊሆን ይገባዋል።