«ችግር የለውም» ማለት ምክር ነውን?
በእርግዝና መከላከያ እንክብልና በወር አበባ ለውጥ ላይ የቀረበ ሒስ

በቤተሰብ ምጣኔ ክፍሎቻችን አዘውትሮ የሚሰማ አንድ መልስ አለ፤ «ችግር የለውም» የሚል። እንክብል የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ማነሱን፣ መዛባቱን ወይም መቅረቱን ስትናገር ይህንኑ ሰምታ ትሰናበታለች። መልሱ በአብዛኛው ከሳይንስ ጋር አይጋጭም። እንደ ምክር ሲመዘን ግን ጎዶሎ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሒስም በዚሁ ጉድለት ላይ ያነጣጠረ ነው።

ከመካነ ብርሃን አካባቢ የመጣች አንዲት ወጣት ባለትዳር እንክብሉን ከጀመረች አራት ወር ሆኗት ነበር። ደሟ አንሶ፣ ቀለሙም ጠቁሮ ስታየው «ማሕፀኔን አደረቀው» ብላ ሰጋች። በዕለቱ ወረፋው በዝቶ ስለነበር «ችግር የለውም» ብዬ ሸኘኋት። ከጥቂት ወራት በኋላ የተመለሰችው ባላሰበችው ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆና ነው፤ እንክብሉን ያቆመችው እኔን ባነጋገረች ማግሥት ነበር። ማሕፀኗ እንዳልደረቀ ተረጋገጠ፤ የተረጋገጠበት መንገድ ግን ለሐኪም የሚያኮራ አይደለም።

ይህን ሥጋት «አለማወቅ» ብሎ ማለፍ የሙያችን የቆየ ልማድ ነው። በጎንደር ደጋ አገር አዲስ ሙሽራ ቶሎ ካልወለደች አስቀድማ የምትጠረጠረው እርሷ ናት። «የወር አበባ» የሚለው መጠሪያ ራሱ አበባን ከፍሬ ጋር ያያይዛል፤ አበባው ሲጠፋ ስለ ፍሬው መጨነቅ የጤናማ አእምሮ ሥራ ነው። በወሩ መካከል ጠብ የሚለው ደም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ያስቀራታል። እኛ በካርድ ላይ «ቀላል» ብለን የምንጽፈው ለውጥ ለእርሷ የትዳርና የእምነት ጉዳይ ነው።

ወሬውም ቢሆን ፈጽሞ ሥር የለሽ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን፣ 23 በመቶው የመረጡት መርፌውን ነበር። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ከተቋረጠ በኋላ እርግዝና ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ በአማካይ 4 ወር ያህል ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ካቆመች በኋላ ቶሎ አልጸነሰችም» የምትል ሴት ያየችውን ነው የተናገረችው። ስሕተቱ የመርፌውን ጠባይ ለእንክብሉ መስጠቱ ላይ ነው። እኛ ሁሉንም በአንድነት «ሐሰት ነው» ስንል እውነተኛውን ክፍል ስለምንክድ በቀሪውም አንታመንም።

ሊነገር የሚገባው እውነት የተወሳሰበ አይደለም። ከ28ቱ ፍሬዎች 21ዱ ሆርሞን፣ ቡናማዎቹ 7ቱ ደግሞ ብረት ናቸው። በቡናማዎቹ ቀናት የሚታየው ደም ሆርሞኑ በመቋረጡ የሚመጣ እንጂ ዕንቁላል ከመውጣቱ ጋር የተያያዘው የወር አበባ አይደለም። ስለሆነም የደሙ መብዛትም ሆነ ማነስ ስለ መውለድ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም። ታደለ ግሩምና አበባው ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት 22 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና መከላከያ ካቆሙት ሴቶች 83 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ጸንሰዋል። የማሕፀን ቱቦን የሚዘጉት ይልቁንም ያልታከሙ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ እንዲሁም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ የሚከሰቱ ኢንፌክሽኖች ናቸው፤ የባልም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

የቃል አጠቃቀማችንም ሊተች ይገባል። የሚጠበቀውን የደም ለውጥ «የጎንዮሽ ጉዳት» ብለን ስንጠራ፣ «ጉዳት» የሚለውን ቃል ያቀበልናት እኛው ነን፤ ተመልሰን «አትፍሪ» ማለታችን እርስ በርሱ የሚቃረን ነው። «የሚጠበቅ ለውጥ» ቢባል ምን ይጎድላል?

በሌላ በኩል ሁሉም ለውጥ በ«ችግር የለውም» የሚታለፍ አይደለም። እንክብል ረስታ ደሟ የቀረባት ሴት የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲንን የምትወስድ ሴት ደሟ ቢዛባ የእንክብሉ ኃይል መዳከሙን መጠርጠር ግድ ነው። እንክብሉን አቁማ ሦስት ወር ደም ያላየችም ሌላ ምክንያት ሊፈለግላት ይገባል፤ የቀድሞ መዛባቷን እንክብሉ ሸፍኖት ኖሮ ሊሆን ይችላልና።

«ወረፋው ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ አይሰጥም» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬው ነበር። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው የሚከተለው ብቻ ነው፤ «እኅቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደምሽ ሊዛባ ይችላል። ከዚያም ቢያንስ የማሕፀንሽ ሽፋን ስለሚሳሳ ነው እንጂ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ አይደለም። መውለድ ስትፈልጊ ታቆሚዋለሽ፤ እንክብሉ መውለድን አያስቀርብሽም። ያሳሰበሽ ነገር ካለ ሳታቆሚ በፊት ነይና ንገሪኝ።»

ይህ መነገር ያለበት እንክብሉ በሚሰጥበት ዕለት ነው። ከለውጡ በፊት የተነገረ ቃል ምክር ይሆናል፤ ከለውጡ በኋላ የመጣ ግን እንደ ማስተባበያ ነው የሚሰማው። ለዚያች ወጣት ይህን በመጀመሪያው ቀን የነገራት ሰው አልነበረም፤ በአራተኛው ወር ስትመጣም አልነገርኋትም።