ከጋሻው ጀርባ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የጦር ጨዋታ ባለሙያዎችን በፎቶግራፍ ስለ መሰነድ

በኢትዮጵያ የጦር ጨዋታ ባለሙያ፣ ማለትም በፈረስ ጉግስ የሚጫወት፣ ጦርና ጋሻ የሚያውቅ ወይም በሽመል የተካነ ሰው፣ በፎቶግራፍ ሲቀርብ አቀራረቡ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ደርቦ፣ ጋሻና ጦሩን ይዞ ብቻውን ይቆምና ካሜራውን ፊት ለፊት ያያል። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የራስ ጌጥ፣ ለምድም በትከሻ ላይ የሚደረብ የጀግና ልብስ በመሆናቸው ምስሉ ስለ ሰውየው ክብርና ማዕረግ ብዙ ይናገራል፤ ስለ እጁ ብልሃት፣ ከማን ተምሮ ለማን እንዳስተማረ ግን ምንም አይናገርም። ይህ ጉድለት የመጣው ከአነሣሥ ልማድ ነው፤ በካሜራው ዐቅም አይሳበብም። የጦር ጨዋታ በሁለት ሰዎች መካከል የሚኖር ሙያ ስለ ሆነ፣ ባለሙያውን ከተጋጣሚው፣ ከመምህሩና ከዳኛው ነጥሎ የሚያነሣ ሰነድ ልብሱን እንጂ ሙያውን አያስቀርም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ይኸው ሲሆን፣ ማስረጃውን የሚፈልገው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነው።

አገሩ ከጉና ተራራ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ደጋ፣ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። ገብስ በሚያበቅለው ውርጫማ ደጋ ፈረስ የዕለት ኑሮ አካል ነው፤ ገደል በበዛበት ቆላ ግን ለጉግስ የሚሆን ሜዳ ስለማይገኝ በእግር የሚያዘው ዱላ ይበልጥ ይመቻል። በዘመነ መሳፍንት፣ የየጁ መሳፍንት ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው ቤጌምድርን ሲገዙ፣ የውጊያ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በፈረሰኛ ነበር። የፈረሰኛውን ዘመን የዘጉት መሣሪያዎችም በዚሁ መሬት አልፈዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት መንገድ እያስጠረጉ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከጋይንት በስተ ምሥራቅ በዘቢጥ አካባቢ በሚገኘው የአንቺም ሜዳ የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው ሲወድቁ፣ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ የፈረሰኛ ሙያ ከጦር ሜዳ ይልቅ በበዓል፣ በሠርግና በለቅሶ የሚታይ እየሆነ መጣ፤ ዛሬ ሊሰነድ የሚችለውም ይኸው ነው። ይህ ለውጥ ሙያውን እንዳረከሰው አድርጎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ የተቻኮለ ይመስላል፤ በጨዋታም ቢሆን ፈረሱ ይጋልባል፣ ዘንጉ ይወረወራል፣ የወደቀም ይሰበራል።

የጉግስ አካሄድ ሲታይ የብቸኛው ሰው ምስል ምን እንደሚያጎድል ግልጽ ይሆናል። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ በጦር ፋንታ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁም ፈረሱን ሳያዘገይ ወገቡን አዙሮ ጋሻውን በጀርባው በኩል ይዞ ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ያሳልፋል። ሙያው ያለው በዚህ መዞር ውስጥ ነው። ግራ እጅ ጋሻውንም ልጓሙንም መቻል አለበት፤ ዐይን ወደ ኋላ እያየ ጉልበት ፈረሱን ወደ ፊት ይመራል። እግሩም የሚታይ ነገር አለው፤ በቀድሞው ልማድ እርካቡ፣ ማለትም ከኮርቻው የሚንጠለጠለው የእግር መርገጫ፣ ትንሽ የብረት ቀለበት ስለ ነበር ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው ሙሉ እግሩን ማግባት አይችልም፣ አውራ ጣቱንና ተከታዩን ጣት በቀለበቱ አሻግሮ ይቆነጥጠዋል። ሰውነት ወደ ኋላ ሲዞር ሚዛኑን የሚጠብቀው ይህ የሁለት ጣት ጭብጥ ነው። ጋላቢው ወርዶ፣ ተስተካክሎ፣ ጋሻውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲነሣ ከዚህ ሁሉ የሚቀር ነገር የለም፤ የጋሻው ፊት ይታያል፣ ክንድ የሚገባበትና እጅ የሚጨብጠው የጀርባው ጠፍር ግን ይሸፈናል።

ይህ የአነሣሥ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ከቀደሙት የካሜራ ሥራዎች አንዱ ከጦርነት ጋር የመጣ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ቀጥሎም እንደ ሉዊጂ ናሬቲ ያሉ በምጽዋና በአስመራ የሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች የ«ሐበሻ ጦረኛ»ን ምስል ለአውሮፓ ገዢ የሚሆን ዕቃ አደረጉት። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠራው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ መኳንንቱን በክብር ልብሳቸው አነሣ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ቅርስ ስፋት ያሳያል። ሁለቱ መነሻዎች፣ የገበያው ፖስት ካርድና የቤተ መንግሥቱ የክብር ምስል፣ ዓላማቸው ቢለያይም ውጤታቸው ተመሳሰለ፤ ሁለቱም ሰውየውን አቆሙት፣ ሁለቱም ለብቻው አደረጉት።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ዐይን ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ፊት ለፊት መታየት የአገሬው ምርጫም ነበርና። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳንና ደጋጎች ሁለት ዐይናቸው እየታየ በሙሉ ፊት ሲሳሉ፣ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሳላሉ። በዚህ ሥርዓት ዐይኑን የለመደ ሰው በጎኑ መነሣትን ባይወድ አያስደንቅም። ያው ሥዕል ግን ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ዑልያኖስን በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል የቅዱሱን ፊት ወደ ተመልካቹ መልሶ፣ የፈረሱን ሩጫ፣ የጦሩን አያያዝና የሚወጋውን ጠላት በአንድ ላይ ያሳያል። ሠዓሊው ክብርንና ድርጊትን አንዱን ለሌላው ሳይሰዋ አስታርቋቸዋል፤ ካሜራውም ከዚህ መማር ይችላል። ጥር 25 ቀን የመርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር በፈረስ ጉግስ ሲከበር ሥዕሉና ጨዋታው በአንድ ቀን ስለሚገናኙ፣ ሁለቱን አጣምሮ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ከሱዳን እስከ ኦሞ ያለው ልምድ የብቸኛው አካል ምስል ወዴት እንደሚያደርስ ያስጠነቅቃል። ጆርጅ ሮጀር እ.ኤ.አ. በ1949 በሱዳን የኑባ ታጋዮችን አነሣ፤ ያሸነፈው ታጋይ በባልንጀራው ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ፎቶግራፉ በዓለም ታወቀ። ያን ፎቶግራፍ አይታ ወደ ኑባ የሄደችው ሌኒ ሪፈንሽታል እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፏን ስታወጣ፣ ሱዛን ሶንታግ ከሁለት ዓመት በኋላ በጻፈችው ሂስ ሥራው የአካልን ፍጽምናና የብርቱውን በደካማው ላይ መሠልጠን የሚያመልክ፣ ከናዚ ዘመን ፊልሞቿ ጋር አንድ መንፈስ ያለው ነው ስትል ተቸችው። በኦሞ ምዕራብ የሱሪዎች የዱላ ፍልሚያ ዶንጋም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል፤ የተቀባው ገላና የተነሣው ዱላ በየመጽሐፉ ሞልቶ፣ ፍልሚያውን የሚዳኙት ሰዎችና ሕጉ ከምስሉ ጠፍተዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ሮጀርም ሪፈንሽታልም ጥሩ ዐይን ነበራቸው። ችግሩ የዐይን ማነስ አልነበረም፤ ትግሉን ማን ከማን ጋር፣ በምን ሕግ፣ በማን ፊት እንደሚታገል አለመመዝገቡ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ ጋይንት ራሱ አለው። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ድጓ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ማስመስከር ማለት ተማሪው ትምህርቱን ሌላ ቦታ ቢጨርስም ወደ ማዕከሉ መጥቶ በመምህሩ ፊት ዜማውን እየሰማና እያሰማ፣ ስሕተቱን እያረመ፣ በመጨረሻም ማስተማር ይችላል ተብሎ የሚመሰከርለት ሥርዓት ነው። ዜማው በቃል ላይ ምልክት አለው፤ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ምልክቱ ግን ዜማውን ለማያውቅ ሰው ዜማ አይሆንም፤ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው። መምህሩ ከማን እንደ ተማረ፣ የዚያም መምህር ከማን እንደ ተማረ በሐረግ ይቆጠራል። በዚህ ሥርዓት አንድ የድምፅና የአካል ጥበብ በሦስት ነገሮች ተጠብቆ መቶ ዓመታትን ተሻግሯል፤ በምልክት፣ በመምህራን ሐረግና በምስክር።

የጦር ጨዋታ ሙያ ሐረግም ምስክርም አለው፤ ያጣው ምልክትን ነው። ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሊሞሉ የሚችሉት ይህን ክፍተት ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ሰነድ የሚመዘነው በውበቱ ብቻ ሳይሆን ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይቶት እንቅስቃሴውን መልሶ ሊያገኘው በመቻሉ ነው። ይህ መመዘኛ ከተያዘ የፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ይለወጣል። አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ ምስል ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ዘንጉ ከእጅ ከመውጣቱ ጀምሮ ጋሻው ላይ እስከሚያርፍ ድረስ በተከታታይ መነሣት አለበት፤ የጋሻው ጀርባ፣ እርካቡና የልጓሙ አያያዝ ጨዋታው ከቆመ በኋላ ለየብቻ በቅርብ መነሣት ይገባቸዋል። ዱላም እንዲሁ ነው፤ መመከት መምታትን ያህል ሙያ ስለ ሆነ በቅቤ የታሸ የወይራ ሽመል የያዘ እጅ ብቻውን ቢነሣ ምን ሊመክት እንደ ተዘጋጀ አይታወቅም። የልጆቹም ነገር እንዳይዘነጋ፤ በቡሄ ሰሞን እረኞች ጅራፍ ሲያጮሁና እርስ በርስ ሲገራረፉ ርቀትን መገመት፣ ሕመምን መቻልና ቁጣን መግታት ይማራሉ፤ የሽማግሌው ጥበብ ከዚህ ጀምሮ ያደገ ነውና ሰነዱ ከሽማግሌው ብቻ ቢጀምር መነሻውን ያጣል።

በሆንግ ኮንግ የኩንግ ፉ መምህራንን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር የቀረጸው ማኅደር የዚህን አሳብ ርቀት ያሳያል፤ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የተሠራው ሥራ በመምህራኑ አካል ላይ መለያ ነጥቦች ለጥፎ ስልታቸውን ከየአቅጣጫው መዝግቧል። ለጋይንት ይህን ያህል መሣሪያ መመኘት አያስፈልግም። የሆንግ ኮንጉ ሥልት የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ጉግስ ፈረስ፣ ሜዳና የሚያቅራራ ሕዝብ ይፈልጋል፤ ድምፁ ከጠፋ ግማሹ ሙያ ይጠፋል። ፉከራ፣ ማለትም ጀግናው ሥራውንና ዘሩን እየጠራ በግጥም የሚዝትበት ሥርዓት፣ ከአካሉ እንቅስቃሴ ተለይቶ አይቆምም፤ ፉካሪው ስንኙን ሲዘጋ እግሩ ይመታል፣ ጦሩም ይነቀነቃል። ስለዚህ በዚህ አገር ድምፅ የሌለበት ሰነድ ጎደሎ ሰነድ ነው።

ፎቶግራፍ በአካባቢው ቀድሞም የራሱ ቦታ እንዳለው መታወቅ ይኖርበታል። ስመ ጥር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ መሣሪያና ልብሱ ላዩ ላይ ተደርጎ በለቅሶው ሜዳ ይዞር ነበር፤ ፉካሪውና አልቃሹ እየተቀባበሉ ሥራውን ይቆጥሩለታል። ዛሬ በብዙ ለቅሶ የሟቹ ፎቶግራፍ በዘመድ እጅ ከፍ ብሎ ይዞራል። ምስሉ የጋሻውንና የኮርቻውን ቦታ በከፊል ወርሷል ማለት ነው፤ ሽማግሌው ፊት ለፊት፣ በሙሉ ልብሱ መነሣት የሚፈልገውም አንድ ቀን ይህ ምስል በለቅሶው እንደሚቆም ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ፍላጎት ለሰነድ ሲባል መግፋት ክብሩን መድፈር ነው። የክብሩ ምስል ለቤተሰቡ፣ የሙያው ምስል ለማኅደሩ ይነሣ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

ከሁሉ የሚከብደው የአሁኑ ጊዜ ጥያቄ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት እስከ ላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ዘልቆ ነዋሪውን ለከባድ በደል ዳርጓል፤ ከዚያ ወዲህም የአማራ ክልል ከግጭት አልወጣም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሣሪያ ይዞ የሚፎክር ሰው ምስል ከበዓል ሜዳ ተነጥሎ ሲሠራጭ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ የባህል ሰነድ የነበረው የክስ ማስረጃ ወይም የቅስቀሳ ፖስተር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ማለት አንድ ጊዜ ፈርሞ መለየት ሊሆን አይችልም፤ ባለሙያው ምስሉ የት እንደሚታይ እንዲያውቅ፣ አሳቡን ሲለውጥም እንዲወርድለት መብት ሊኖረው ይገባል። ሰላም እስኪመጣ ድረስ ፊትን ሳያሳዩ እጅን፣ እርካብን፣ የጋሻ ጀርባን ማንሣት የሙያውን ምልክት ይበልጥ ስለሚያስቀር ጥንቃቄውና ጥናቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

የሕግ መሠረት አልጠፋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌላቸውን ቅርሶችም ያቅፋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ ስለ እነዚህ ቅርሶች ያወጣውን ስምምነት አጽድቃለች። በዚያ ስምምነት መዝገብ የኮሪያው ቴክዮን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሰፍር የጦር ጥበብ ዓለም አቀፍ ቅርስ መሆን እንደሚችል ታይቷል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ደግሞ ፈረሰኞች ራሳቸው ሲደራጁ ሙያው በመንግሥት ቸርነት ላይ ብቻ እንደማይንጠለጠል ያሳያል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢቆም የምስሎቹ ባለቤት እሱ፣ የመጠባበቂያው ቅጂ ማስቀመጫም ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ምስሉ ወደ ማኅደር ከመግባቱ በፊት በሽማግሌዎች ፊት ይታይ፤ ይህ አያያዝ ትክክል ነው፣ ይህ ለካሜራ ሲባል የተደረገ ነው ብለው ይለዩት፤ ፍርዳቸውም፣ ባለሙያው ከፈቀደ ከመምህሩ ስምና ከፈረሱ ስም ጋር፣ ከምስሉ ግርጌ ይጻፍ።