ማወቅና መስጠት

አንባቢ ወዳጄ ሆይ፤ በቋንቋችን «ደም» ከባድ ቃል ነው። ዘመዳችንን «ደሜ ነው» እንላለን፤ ለተገደለ ወገኑ የሚበቀለውን «ደም መላሽ» እንለዋለን፤ ለአገሩ ደሙን ያፈሰሰውንም እናከብራለን። በሰላም ቀን አልጋ ላይ ተጋድሞ ለማያውቀው ሰው ደሙን ለሚሰጠው ግን ገና የጀግና ስም አላወጣንለትም። በዚህ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ የምነቅፈው ራሴን ነው።

የሕክምና ተማሪ በነበርሁ ጊዜ ስለ ደም የምጠየቀውን ሁሉ አሟልቼ እመልስ ነበር። የአዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ያህል እንደ ሆነ፣ በአንድ ጊዜ የሚለገሰው ግማሽ ሊትር እንደማይሞላ፣ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀዩ ሕዋስ በጥቂት ሳምንታት እንደሚተካ አውቅ ነበር። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ እንደሚችልም ለሌሎች አስረዳ ነበር። ነገር ግን ደም ሰብሳቢዎች በመጡ ቁጥር አንድ ጊዜ ፈተናን፣ አንድ ጊዜ ቅጥነቴን እያመካኘሁ በጓሮ በር እወጣ ነበር።

አንድ ቀን በምለማመድበት ሐኪም ቤት ከኮኪት የመጣች ወላድ ደም እየፈሰሳት ገባች። ማን እንደ ሰጠው የማይታወቅ ደም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ተሰጣትና ነፍስዋ ተረፈ። ያን ለመተካት ዘመዶችዋ ተጠሩ። ባልዋ ልስጥ ቢል፣ ከወባ የተነሣው በቅርቡ ነበርና አይሆንም ተባለ። ሌሎቹ ሲያመነቱ እኔ ትምህርቴን ዘርዝሬ ሰበክሁላቸው። አጎትዋ ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ነገሩስ ደግ ነው፤ ለመሆኑ አንተ ሰጥተህ ታውቃለህን?» አሉኝ። መልስ አጥቼ መሬት መሬት አየሁ። ያን ቀን ከእርሳቸው ቀጥዬ ክንዴን ዘረጋሁ።

ኮኪት በመተማ ቆላ፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ አገር ነው፤ በአጨዳ ወራት ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ይወርድበታል፤ ወባም እዚያው ይጠብቀዋል። ወባ የደምን ቀይ ሕዋስ ያፈርሳል። እንግዲህ ቆለኛው ደም የሚያሻው እርሱ፣ ከወባ እንደ ተነሣ ደም እንዳይሰጥ የሚከለከለውም እርሱ ነው። ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሙላለት?

ይህ የእኔ ብቻ ነውር ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልደከምሁ። በአገራችን የጤና ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ነገሩን የሚያውቁትና የሚደግፉት ብዙዎች ሲሆኑ አንድ ጊዜ እንኳ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው። «ለወገኔ ሲያስፈልግ እሰጣለሁ» የሚል አለ። ነገር ግን ደም ከተቀዳ በኋላ መመርመር አለበት፤ ደም የሚፈስሳት ወላድ ይህን አትጠብቅም። ቀዩ ሕዋስ ደግሞ በማቀዝቀዣ ከ42 ቀን በላይ አይቆይም፤ የአምናው ልግስና ለዘንድሮ አይሆንም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በአዲስ አበባ የደም ባንክ ካቋቋመ ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፏልና፣ «አልሰማንም» የምንልበት ጊዜም አልፏል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ወጣት ተማሪ ሆይ፤ ለፈተና ያጠናኸው ለሰው ካልደረሰ ዕውቀትህ በወረቀት ቀረ ማለት ነው። ነገ በሽተኛውን «ዘመድ አምጣ» ከማለትህ በፊት፣ ዛሬ አንተ ዘመድ ሁነው።